ሰፈር ሲዘጋ በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?

 

ባለፈው ሳምንት ለተራዊሕ ወደ መስጊድ ስገባ ደጃፉ ላይ የተደረደረው ጫማ መርገጫ አሳጥቶኝ ቆም አልኩ። ከኋላዬ የመጣ አብሮ አደጌ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ያን ዓመት ብታስታውስ ኖሮ በዚህ አትማረርም ነበር» አለኝ። የትኛውን ዓመት ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የ1441ኛው ዓመተ ሂጅራ ረመዷን የገባው ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን አንሥቶ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አዛኑ ይሰማል፤ የመስጊዱ በር ግን ዝግ ነው። ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ሳሎናችን ውስጥ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ተራዊሕ ሰገድን። ዒዱንም እንደዚያው አሳለፍነው። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ዘንድሮ ስታዲየም አንሄድም?» ስትለኝ የመለስኩላትን አላስታውስም።

ይህን ዛሬ የማነሳው ትዝታ ለመቀስቀስ ብቻ አይደለም። ባለፈው ኅዳር በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ በተነገረ ጊዜ፣ ያ የድሮ ክርክር እንደገና ልቤ ውስጥ ተነሣ። ወረርሽኝ ሲመጣ መዘጋት ያለበት አገሩ በሙሉ ነው ወይስ በሽታው የታየበት ሰፈር ብቻ? በ2012 በየቤታችን በዚህ ተጨቃጭቀናል። ከዚያ በሽታው ሲበርድ ክርክሩንም ሳንቋጨው ተውነው። ሳንቋጨው የተውነው ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ በድንጋጤ መካከል ነው ተመልሶ የሚመጣው።

እኔ ያኔ «ሁሉም ይዘጋ» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን ሲዘጉ ደመወዜ አልተዘጋም። ከቻይና የሚመጣውን ዜና፣ ዉሃን የተባለችው ከተማ እንዴት 76 ቀን ተዘግታ እንደቆየች፣ ስልኬ ላይ እያነበብኩ «እኛስ ምን እንጠብቃለን?» እል ነበር። ታላቅ ወንድሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጀሪካንና ቆርቆሮ ይሸጣል። በስልክ ስንከራከር የተናገረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «አንተ ቤትህ ብትቀመጥ ደሞዝህ ወር ጠብቆ ይመጣል። እኔ ቤቴ ከተቀመጥኩ ለኢፍጣር ድስት አይጣድም። ‹ቤት ይዘጋ› የምትለው ቤቱ ሙሉ የሆነ ሰው ስለሆንክ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። መንግሥትም ቢሆን አገሪቱን በሙሉ አልዘጋም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በወቅቱ ያስረዱት ምክንያት ከወንድሜ ንግግር ብዙም አይርቅም። የሚቀመጥበት ቤት የሌለው፣ ቤት ቢኖረውም የዕለት ጉርሱን በየቀኑ ወጥቶ የሚያገኝ ሕዝብ እንደ ሀብታሞቹ አገሮች ቤትህ ተቀመጥ ሊባል አይችልም የሚል ነበር። ስለዚህ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ፣ የየብስ ድንበር ተዘጋ፣ ጭምብል ግዴታ ሆነ። ከዚያ በመለስ መርካቶ መርካቶነቱን ቀጠለ። በክልል ደረጃ ግን ከተማን ለይቶ መዝጋት ተሞክሯል። የአማራ ክልል በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ጥሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን እንቅስቃሴ አልባ አድርጎ ነበር።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። እናቴና ወንድሜ የሚኖሩት መርካቶ አካባቢ፣ አሥራ አንድ አባወራ አንድ ቦኖና ሁለት መጸዳጃ ቤት የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ረመዷን ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ከመግሪብ በፊት፣ አምቡላንስ መጥቶ ከጅቡቲ መስመር የተመለሰ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ይዞ ሄደ። ከዚያ የግቢው በር ላይ ገመድ ተወጠረ፣ አንድ ወጣት የጸጥታ ሠራተኛም ቆመ። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም ተባለ። እስከ መቼ እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም።

እናቴ ስኳር አለባት፤ ሐኪሟ ስለከለከላት አትጾምም። የወር ኪኒኗን ይዤ በማግስቱ ስሄድ ገመዱ አስቆመኝ። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ጋሼ፣ ካልታዘዝኩ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ማን እንደሚያዘው ስጠይቀው ደግሞ አያውቅም። ደወልኩ፣ ወደ ሌላ ቦታ መሩኝ፤ እዚያም ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። መጨረሻ ላይ ኪኒኑ የገባው ከጀርባ ባለው ግቢ በኩል፣ አንድ የጎረቤት ልጅ አጥሩ ላይ ወጥቶ ወንድሜ ከታች እጁን ዘርግቶ ነው። በዚያው አጥር ላይ ለሦስት ቀን ሾርባ፣ ተምር፣ እንጀራና የሕፃን ወተት ሲሻገር ሰነበተ። አሻጋሪዎቹ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ። የኋለኛው ግቢ ሰዎች ገመዱን ተከትሎ የመጣ አንድም ሰው ስላላዩ ነው ያንን ያደረጉት።

በግቢው ውስጥ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ገመዱ በተወጠረበት ሰዓት የዕለቱን ጠብሳ ጨርሳ ልትወጣ ነበር። ሁለት መቶ የሚሆን ሳምቡሳ ለግቢው ሰው አከፋፈለችው። «ሶደቃ ይሁንልኝ» ብላ ሳቀች አሉኝ። ነገር ግን ያ ሳምቡሳ የዘይቷና የዱቄቷ ገንዘብ፣ ያላት መቋቋሚያ በሙሉ ነበር። በአራተኛው ቀን የሰውየው ምርመራ ነጻ ሆኖ ተገኘና ገመዱ ተፈታ። ይቅርታ ያለም፣ ምን እንደተገኘ የነገረም የለም። ሴትዮዋ ተበድራ ሥራ ስትጀምር «የዚያ ግቢ ሳምቡሳ» እየተባለ ሰው ሸሻት። በሽታ ያልተገኘበት የመኪናው ረዳት ደግሞ ልጆች «ኮሮና» እያሉ ስለጠሩት ከሁለት ወር በኋላ ሰፈሩን ለቆ ሄደ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ እኔና ወንድሜ ሐሳብ ተለዋወጥን። እኔ የግቢውን ጭንቅ በዓይኔ ሳይ አገር ሙሉ እንዲህ ቢሆን ምን ሊውጠን ነበር አልኩና ሁሉም ይዘጋ ማለቴን ተውኩ። እሱ በተቃራኒው «አንተ ያልከው ይሻል ነበር» አለኝ። «ሁሉም ቢዘጋ ቢያንስ ሁላችንም እኩል እንራብ ነበር። አንድ ግቢ ለይተው ሲዘጉ ግን የሚዘጉት ማንን እንደሆነ አየኸው? ባለ ቪላው ደጃፍ ገመድ ሲወጠር አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን መልስ የሚሻ ጥያቄ አድርጌ ነው የያዝኩት። በሽታው በሚታይበት ቦታ ላይ ብቻ እንዝጋ የሚሉ ሰዎች፣ እኔም አሁን ከነሱ አንዱ ነኝ፣ ይህን ሳይመልሱ ማለፍ የለባቸውም። ቦኖና መጸዳጃ የሚጋራ ሰው በሽታውንም ይጋራል። ስለዚህ «ለይተን እንዝጋ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ድሆቹን ለይተን እንዝጋ ማለታችን ነው፤ አስበን ባናደርገውም።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ የሩቅ አገር ታሪክ አለ፤ የኛም ሰዎች ያሉበት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ከተማ፣ ፍሌሚንግተንና ሰሜን ሜልቦርን በተባሉ ሰፈሮች፣ መንግሥት ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች የሚያከራያቸው ረጃጅም ፎቆች አሉ። ነዋሪዎቹ ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከቬትናምና ከሌላም አገር የሄዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በ2012 ክረምት መግቢያ የቪክቶሪያ ግዛት ሁለተኛ የኮሮና ማዕበል ሲነሣባት መጀመሪያ የመረጠችው ለይቶ መዝጋትን ነበር። በፖስታ ቁጥር የተለዩ አሥር አካባቢዎች ተዘጉ። ሁለት ተጨመሩ። ከዚያ ቅዳሜ ሰኔ 27 ቀን (እ.ኤ.አ ጁላይ 4 ቀን 2020) ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የግዛቲቱ መሪ ዳንኤል አንድሪውስ በመግለጫ ቀርበው ዘጠኝ ፎቆች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መዘጋታቸውን ተናገሩ። ወደ 3,000 የሚሆን ሰው ከቤቱ ደጃፍ እንዳይወጣ ተደረገ። በመቶ የሚቆጠሩ ፖሊሶች ፎቆቹን ከበቡ።

ሥራ ውሎ የተመለሰ ሰው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያስረዳ አስተርጓሚ በዚያች ምሽት አልነበረም። ምግብ ዘገየ። ሲመጣም የማይበላ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ሐላል ያልሆነ ደረሰን ያሉ ቤተሰቦች ነበሩ። መድኃኒት የዘገየባቸውም አሉ። ያንን ክፍተት ከሞሉት መካከል ዋነኞቹ እዚያው ሰፈር ያሉ የሙስሊም በጎ አድራጎት ማኅበር ወጣቶች ናቸው። የትኛው ፎቅ ላይ ሕፃን እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ምን ቋንቋ እንደምትናገር፣ ማን ምን እንደማይበላ ያውቁ ነበርና ሳጥን እየሞሉ አደረሱ። ሳነበው የኛው የመርካቶው አጥር ነው የታየኝ።

ስምንቱ ፎቆች ከአምስት ቀን በኋላ ተከፈቱ። አልፍሬድ ጎዳና 33 ቁጥር የተባለው አንዱ ፎቅ ግን በአጠቃላይ 14 ቀን ተዘግቶ ቆየ። በኋላ የግዛቲቱ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ዴቦራ ግላስ ጉዳዩን መርምረው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2020 ሪፖርት አወጡ። ሪፖርቱ አንድ ወገን ይዞ የሚጮህ አይደለም፤ ዋጋውም እዚያ ላይ ነው። ፎቆቹን ለጊዜው መዝጋት በሽታውን ለመግታት ተገቢ ነበር ይላል። ጥፋቱ አዘጋገዙ ላይ ነው። የጤና ባለሥልጣናቱ እገዳው በማግስቱ እንደሚጀምር፣ እስከዚያም ምግብና ሌላው ዝግጅት እንደሚሟላ ነበር የጠበቁት። ወዲያውኑ እንዲሆን ሲወሰን ትእዛዙን የፈረሙት የጤና ኃላፊ ለማሰብ የተሰጣቸው ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። ያለማስጠንቀቂያ በቅጽበት መዝጋቱ የግዛቲቱን የሰብአዊ መብት ሕግ የጣሰ ነው ብለው እንባ ጠባቂዋ ደመደሙ፤ መንግሥትም ነዋሪዎቹን ይቅርታ እንዲጠይቅ መከሩ። መንግሥት አልጠየቀም። ነዋሪዎቹ ከስሰው በ2023 የአምስት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ ስምምነት አገኙ። ይቅርታው ግን አብሮት አልመጣም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው፣ ያ ማዕበል የተነሣው ከነዚያ ድሆች ቤት አልነበረም። ከውጭ የሚመጡ መንገደኞች ተለይተው ከሚቆዩባቸው ሆቴሎች ባመለጠ በሽታ ነው ከተማው የተያዘው፤ አጣሪ ጉባኤ ተቋቁሞ ያረጋገጠው ነው። ሁለተኛው ፎቆቹ በተዘጉ ሳምንት ውስጥ ከተማዋ በሙሉ መዘጋቷ ነው፤ በኋላም የሌሊት ሰዓት እላፊ ተጨምሮበት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ዘለቀ። ነገር ግን የከተማው ሰው «ተዘጋ» ሲባል ምግብ ሊገዛ፣ ሕመምተኛ ሊያስታምም፣ እግሩን ሊያፍታታ ይወጣ ነበር። የፎቆቹ ሰዎች «ተዘጉ» ሲባል ከደጃፋቸው አይወጡም። ቃሉ አንድ ነው፤ የተሸከሙት ግን እኩል አይደለም። ብዙ ሰው የሚነካው እገዳ ቀለል ብሎ ይመጣል፤ የሚጮህበት ሕዝብ ብዙ ነውና። ጥቂቱን የሚነካው ይከብዳል። ወንድሜ ሜልቦርንን ሳያውቅ የተናገረው ይህንኑ ነበር።

ታዲያ ለምን ለይቶ መዝጋት ይሻላል እላለሁ? ሙሉውን መዝጋት በእኛ ዓይነት አገር ምን እንደሚያደርግ ሕንድ ስላሳየችን ነው። እ.ኤ.አ መጋቢት 24 ቀን 2020 ምሽት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ከአራት ሰዓት በኋላ አገሪቱ በሙሉ እንደምትዘጋ አስታወቁ። ከአንድ ቢሊዮን ሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ማለት ነው። ባቡርና አውቶቡስ ሲቆም ከገጠር መጥተው በየከተማው የቀን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሥራውንም ማደሪያውንም አጡ። ልጅ አዝለው፣ ጓዝ በራሳቸው ተሸክመው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ መንደራቸው ሄዱ፤ መንገድ ላይ የሞቱም አሉ። በሽታውን በያለበት እንዲቆም የወጣው ትእዛዝ ሰዉን ከአገር አገር አንቀሳቀሰው። የኛ አገር ተሸካሚና ጉልት ሻጭ ከዚያ የተለየ አቅም የለውም።

ጣሊያን ደግሞ የሁለቱንም ድክመት ታሳያለች። በየካቲት 2020 በሰሜን በኩል አሥራ አንድ ትናንሽ ከተሞችን ለይታ ዘጋች። ከነሱ አንዷ ቮ የምትባል ወደ 3,300 ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። እዚያ ያደረጉት መዝጋት ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ማለት ይቻላል ነዋሪ መረመሩ። መጀመሪያ ሲመረመሩ 2.6 በመቶው ተይዞ ተገኘ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 1.2 በመቶ ወረደ። ከተያዙት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሳልም ትኩሳትም አልነበራቸውም። ይህ ቁጥር የእኛን የአምቡላንስና የገመድ ስልት ከሥሩ የሚነቅል ነው፤ ያልመረመርከውን በሽታ ለይተህ ልትዘጋው አትችልም። በሌላው የጣሊያን ክፍል በሽታው ሳይታይ ተሰራጭቶ ስለነበር ለይቶ መዝጋቱ ዘገየ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ የሎምባርዲያ ክልል ሊዘጋ መሆኑ ከመታወጁ በፊት ወሬው ሲያፈተልክ፣ በዚያች ሌሊት ሰዎች ከሚላኖ ባቡር እየተሳፈሩ ወደ ደቡብ ሸሹ። አገሪቱ በሙሉ የተዘጋችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የሜልቦርኑ መሪ መከራከሪያ ያገኛሉ። አስቀድመህ ብትናገር ሰው ይሸሻል፤ ባትናገር ደግሞ ሰው ያለ ምግብና መድኃኒት ይያዛል። ቀላል ምርጫ አይደለም።

ለኛ ለሙስሊሞች ይህ አዲስ ጥያቄ መሆን አልነበረበትም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ባሉበት ከተከሰተም ሸሽቶ እንዳይወጣ ያዘዙበትን ሐዲስ በዚያ ዓመት ያልሰማው የለም። በየስልኩ ሲዞር ነበር። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሐዲሱ የተጠቀሰበት ክርክር ነው። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ አገሩ ወረርሽኝ እንደገባበት ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተከፈለ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተከፈሉ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎች ሰዉን ይዘው እንዲመለሱ በአንድ ድምፅ መከሯቸው። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይደለም ወይ ብለው ተቃወሙ፤ ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው ብለው መለሱ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ከነቢዩ የሰሙትን የነገሯቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ዑመር ወደ መዲና ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ግን ከሠራዊታቸው ጋር በሽታው ባለበት ቀሩና በዚያው በዐምዋስ ወረርሽኝ አለፉ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም እንዲሁ። በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ ኃላፊነቱን ሲረከቡ ሰዉን ወደ ተራሮች በትነው አራራቁት። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፍቺውን ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ። እንደ አንድ አንባቢ ግን የማየው ነገር አለ። አትውጣ የተባለው ሰው ከባድ ነገር ነው የታዘዘው። ለሌላው ሲል ነው ራሱን የሚያሠረው። እንዲህ ያለውን ሰው ከገመድ በስተጀርባ ረስቶ መሄድ ውለታ መብላት ነው።

ሰዎች የሚሸሹት በሽታውን ፈርተው ብቻ እንዳልሆነ ከግቢያችን አይቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ሌሊት አጥር ዘለው የወጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በሽታ አልሸሹም፤ የቀን ሥራቸው እንዳያመልጣቸው ነው። የሦስት ቀን አስቤዛ ቢገባላቸው፣ አሠሪያቸውም እንዳያባርራቸው አንድ ወረቀት ቢጻፍላቸው ባልዘለሉ። ስለዚህ እኔ የምለው ማስጠንቀቂያው ቀናት ይሁን አይደለም። ገመዱና አስቤዛው አንድ መኪና ላይ ይምጡ ነው የምለው። ትእዛዙን የሚያነበው ሰው መቼ እንደሚያበቃ አብሮ ያንብብ። በሩ ላይ የሚቆመው ወጣት መድኃኒት የሚያስገባበት ሥልጣንና የሚደውልበት ቁጥር ይሰጠው። የሳምቡሳዋን ሴት ኪሳራ የዘጋው አካል ይክፈል፤ ለሁላችንም ጤና ሲባል ነውና የተዘጋችው። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰፈር የሚቻል ነው። ለአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ አይቻልም። ለይቶ መዝጋት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ የተዘጋውን ሰው መመገብ የሚቻለው ቁጥሩ የሚታወቅ ሲሆን ብቻ ስለሆነ። መመገብ ካልቻልን ግን ጥቂቱንም የመዝጋት መብት ያለን አይመስለኝም።

ይህን ስል መንግሥት ብቻውን ይቻለዋል ብዬ አይደለም። በዶሃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የተባለው የሠራተኞች ሰፈር እ.ኤ.አ መጋቢት 2020 ተለይቶ ሲዘጋ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ ቀጢፍ ቀድማ ስትዘጋ፣ ገንዘብ ያላቸው መንግሥታት ነበሩ የዘጉት። ይሁንና እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው በሩን አንኳኩቶ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በሜልቦርን የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ። በኛ ግቢ የኋለኛው አጥር ጎረቤቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ መስጊዶቻችን ምን እንዳላቸው ልንገራችሁ። ዘካተል ፊጥር ሊከፋፈል ሲል በየጀመዓው አንድ ደብተር ይወጣል። የሰፈራችን ደብተር ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው። ማን መበለት እንደሆነች፣ ማን የቲም እንደሚያሳድግ፣ የማን ቤት ስንት አፍ እንዳለበት ተጽፎበታል። የዒድ ሶላት ከተሰገደ በኋላ ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ይገባና እስከ ሚቀጥለው ረመዷን አይከፈትም። እድሮቻችንም ተመሳሳይ መዝገብ አላቸው፤ እሱም የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው።

ዘንድሮ ደብተሩን የሚያድሱት ሦስት ወጣቶች ናቸው፤ አንዷ ያኔ ስታዲየም አንሄድም ወይ ያለችኝ ልጄ ናት፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አምና ከነበረው ላይ ሦስት ዓምድ እንዲጨምሩ ጠይቄያቸው ነበር። አንዱ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ነው። ሌላው የሚጠባ ሕፃን መኖሩን ይመዘግባል። ሦስተኛው ቤቱ በዕለት ገቢ የሚተዳደር መሆን አለመሆኑን ነው። ሙስሊም ያልሆኑ የግቢ ጎረቤቶችም እንዲጻፉ ተስማምተናል፤ በአጥሩ ላይ ሾርባ ያሻገሩልንን ከመዝገቡ ማስቀረት አንችልም። የመድኃኒቱን ዓምድ በተመለከተ አንድ አባት «የሰው ሕመም እንዴት ደብተር ላይ ይጻፋል? ነገ ‹የዚያ ቤት ሰው› ተብሎ መጠቋቆሚያ ይሆናል» ብለው ተቆጡ። የመኪናውን ረዳት አስታውሼ ዝም አልኩ። ልጄ ናት መልስ ያገኘችው፤ የበሽታው ስም አይጻፍም፣ ምልክት ብቻ ይደረጋል፣ ደብተሩም በኢማሙ እጅ ይሆናል ብላ። አባትየው ተስማሙ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ ስልሳ ሁለት ቤት ተመዝግቧል። የእናቴ ግቢ ገና ነው፤ ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እንሄዳለን።